ምርመራውስ በምን ይመረመራል? ስለ ካንሰር ቅድመ ምርመራና ስለ ሞሌኪውል ጠቋሚዎች

ከሦስት ሳምንት በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ካንሰር በአንዲት ጠብታ ደም ሊታወቅ ነው» የሚል አጭር ጽሑፍ ወጥቶ እንደነበር አንባብያን ታስታውሳላችሁ። በእረፍት ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲያነበው እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር። አንዱ ሠልጣኝ «ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ትክክል ከሆነ ታዲያ ለምን ለሁሉም ሰው አይሰጥም?» ሲል ጠየቀ። የመለሰለት አልነበረም። እኔም አልመለስኩም። ነገር ግን ጥያቄው እቤቴ ድረስ የገባ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ስፈልግ ሰነበትኩ። ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ቁጥሮቹን የሒሳብ መምህራችን አይተው አንድ ቦታ ላይ አርመውልኛል፤ የቀረ ስሕተት ካለ የኔ ነው። አዘጋጆቹም ከወትሮው ሰፋ ያለ ቦታ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

እቤቴ ድረስ የገባ ያልኩት በምክንያት ነው። አርባ ዓመት ያለፋት አክስት አለችኝ። ባለፈው መስከረም በአካባቢዋ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ለሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይሰጣል ሲባል ጎረቤቶቿ ሲሄዱ እሷም ተከትላ ሄደች። ከተመረመረች በኋላ «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል የተጻፈበት ወረቀት ተሰጣትና ሆስፒታል ሄደሽ ታዪ ተብላ ተሸኘች። የተነገራት ይኸው ብቻ ነው። በሀገራችን ደግሞ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ኤች.አይ.ቪ.። አክስቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ከሣጥኗ ሥር ከተተችው። ለባሏም ለልጆቿም ሳትናገር ከሦስት ወር በላይ ቆየች። ለገና በዓል ስሄድ ነው ለኔ አውጥታ ያሳየችኝ። «አንቺ ተምረሻል፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ስንት ጊዜ ቀረኝ?» አለችኝ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው እብጠት ወይም ደም አይቶ፣ ሕመም ተሰምቶት ወደ ሐኪም ሲሄድ የሚደረግለት ምርመራ ሕመሙ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚደረግ ነው። ምንም የማይሰማውን፣ ቆሞ ሥራውን የሚሠራውን ሕዝብ ጠርቶ መመርመር ግን ሌላ ነገር ነው። ይኸኛው ቅድመ ምርመራ ወይም ማጣሪያ ይባላል። ማጣሪያ ወንፊት ማለት ነው። ወንፊት ላይ የቀረው ሁሉ እንክርዳድ አይደለም፤ ያለፈውም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ወንፊቱ ላይ ለቀሩት ሰዎች ቀጥሎ ከሰውነታቸው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ካንሰር አለ ወይም የለም ማለት የሚቻለው ያኔ ነው። አክስቴ የቀረችው ወንፊቱ ላይ ነበር። እሷ ግን ፍርድ የተሰጠባት መስሏታል።

ለመሆኑ አንድ ማጣሪያ ጥሩ ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል? ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች ስንቱን ያገኛል? ይኸ ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ሁለተኛው፣ በሽታው ከሌለባቸው 100 ሰዎች ስንቱን «ደኅና ነህ» ብሎ ይለቃል? ይኸ ደግሞ ስፔሲፊሲቲ ይባላል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከመቶ ዘጠና አምስት» የሚል ቁጥር ስናይ፣ ፖዘቲቭ ከተባሉት ሰዎች ከመቶ ዘጠና አምስቱ ታማሚ ናቸው ማለት ይመስለናል። አይደለም። አክስቴ የጠየቀችኝ «ምርመራው ምን ያህል ጎበዝ ነው?» ብላ አይደለም እኮ። «ፖዘቲቭ ተብያለሁ፤ በሽታው አለብኝ ወይ?» ነው ያለችው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየቅል ናቸው።

ለአክስቴ ያስረዳኋት በሽምብራ ነው። (የማስተማሪያ መሣሪያ አዘገጃጀት መምህራችን ቢያዩኝ ነጥብ ሳይጨምሩልኝ አይቀሩም ነበር።) ሰፌድ ላይ የቆጠርነው ጥቂት ነው፤ እዚህ ግን ሙሉውን ሒሳብ ልጻፈው።

10,000 ሰዎች ለማጣሪያ ቀረቡ እንበል። ከነሱ ውስጥ በሽታው ያለባቸው 100 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 9,900 ሰዎች ጤነኞች ናቸው። ምርመራው ከታማሚዎቹ ከመቶ 90ውን ያገኛል። ከጤነኞቹ ደግሞ ከመቶ 95ቱን በትክክል ይለቃል። ጥሩ ምርመራ ነው፣ አይደል? አሁን እንቁጠር። ከ100 ታማሚዎች 90ው ተገኙ፣ 10ሩ አመለጡ። ከ9,900 ጤነኞች ከመቶ 5ቱ፣ ማለትም 495 ሰዎች፣ ያለ በሽታቸው ፖዘቲቭ ተባሉ። እንግዲህ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዘው የወጡት 585 ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ከነዚህ ውስጥ በሽታው ያለባቸው 90 ብቻ ናቸው። ይኸም ከመቶ 15 ገደማ ነው። ከስድስት ወይም ከሰባት ፖዘቲቮች መካከል በሽታው ያለበት አንዱ ብቻ ነው!

ጥፋቱ የማን ነው? የምርመራው አይደለም። ጤነኛው እጅግ ብዙ፣ ታማሚው ጥቂት ስለሆነ ነው። ከትልቅ ክምር ላይ የተቆነጠረ ትንሽ፣ ከትንሽ ክምር ላይ ከታፈሰ ብዙ ይበልጣል። ይኸው ምርመራ ከ10,000ው ሰው 1,000ው በሽታው ባለበት ሕዝብ ላይ ቢሠራስ? 900ው ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ከ9,000 ጤነኞች 450ው በስሕተት ይያዛሉ። ከ1,350 ፖዘቲቮች 900ው፣ ሁለት ሦስተኛው፣ እውነተኛ ሆኑ ማለት ነው። ምርመራው ያው ነው፤ የተለወጠው የተመረመረው ሕዝብ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ይኸ ምርመራ ከመቶ ይህን ያህል ትክክል ነው» ሲላችሁ «በማን ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መምህራችን ያረሙኝ እዚሁ ላይ ነበር። እኔ ያመለጡትን 10 ሰዎች ረስቻቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ኔጌቲቭ ተብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው የገቡ ናቸው። ማጣሪያ አንድ ጊዜ ተደርጎ የማይተወውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ስለሆንን ቀጣዩ ነጥብ አይከብደንም፤ የማለፊያ ነጥብ ነው። ብዙ የደም ምርመራዎች አዎን ወይም አይደለም ብለው አይመልሱም፤ የሚሰጡት ቁጥር ነው። ለምሳሌ የወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል ፕሮቲን አለ። የፕሮስቴት ካንሰር ሲኖር በደም ውስጥ ያለው መጠን ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ነገር ግን ካንሰር ሳይኖር ዕጢው በዕድሜ ምክንያት ሲያድግ ወይም ሲቆጣም መጠኑ ይጨምራል። ታዲያ ከስንት በላይ ያለው ይጠርጠር? ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም ነው። ይኸን ወደ 3 ብናወርደው ተጨማሪ ካንሰር እንይዛለን፣ ተጨማሪ ጤነኛም አብረን እንይዛለን። ወደ 10 ብናወጣው ጤነኞቹ ያርፋሉ፣ ታማሚዎች ግን ያመልጡናል። ማለፊያው ከ50 ወደ 40 ሲወርድ ያላጠናውም እንደሚያልፍ፣ ወደ 70 ሲወጣ ያጠናውም እንደሚወድቅ ማለት ነው። በየትኛው በኩል መሳሳት ይሻላል የሚለውን ቁጥሩ ራሱ አይነግረንም፤ የሚወስነው ሰው ነው። እኛ ክፍል ውስጥ 50 ብለን ስንቆርጥ ግን ለምን 50 እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?

አሁን ወደ ሞሌኪውል ጠቋሚዎች ልምጣ። ጠቋሚ ማለት በደም፣ በሽንት ወይም ከሰውነት በተወሰደ ናሙና ውስጥ የሚገኝና የካንሰርን መኖር ሊያሳብቅ የሚችል ነገር ነው። ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፤ ከዕጢው ተሰባብሮ ወደ ደም የገባ ዲ.ኤን.ኤ. ሊሆን ይችላል፤ የቫይረስ ዲ.ኤን.ኤ.ም ሊሆን ይችላል። «ሊያሳብቅ የሚችል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አዲስ ጠቋሚ ተገኘ የሚል ወሬ ብዙ ነው፤ ለሕዝብ ማጣሪያ የሚበቃው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የሆነውን እንይ።

በዚያ ዓመት ኢማኑኤል ፔትሪኮይን፣ ላንስ ሊዮታና ባልደረቦቻቸው «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱ የኦቫሪ ካንሰርን የሚመለከት ነበር። ኦቫሪ የሴቷ እንቁላል የሚመነጭበት ክፍል ነው። ካንሰሩ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ስለሚያድግ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ከተሠራጨ በኋላ ነው። ተመራማሪዎቹ የሴቶችን ደም በመሣሪያ ለክተው የፕሮቲኖቹን አሰላለፍ በኮምፒዩተር አወዳደሩ። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ካንሰር ካለባቸው 50 ሴቶች 50ውንም አገኙ። ካንሰር ከሌለባቸው 66 ሴቶች ደግሞ 63ቱን በትክክል ለዩ። ፖዘቲቭ ከተባሉት 53 ሴቶች 50ው ታማሚ ስለሆኑም፣ ፖዘቲቭ ከተባሉት ከመቶ 94ቱ እውነተኛ ናቸው ተብሎ ተጻፈ። ወሬው በየጋዜጣው ተናኘ።

እስቲ ሽምብራችንን እናውጣ። በጥናቱ ከነበሩት 116 ሴቶች 50ው ታማሚ ነበሩ፤ ግማሽ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ከሁለት ሴት አንዷ የኦቫሪ ካንሰር ያለባት በየትኛው አገር ነው? በሽታው በሚበዛበት፣ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ባለው ዕድሜ እንኳ በሽታው ያለባት ከ2,500 ሴቶች አንዷ ያህል ናት። በስሕተት የሚያዙትን በግምት ከመቶ 5 እናድርግ። 2,500 ሴቶች ሲመረመሩ የታመመችው አንዷ ትገኛለች፤ ከቀሩት ጤነኞች 125 ያህሉ አብረው ይያዛሉ። ከመቶ 94 የተባለው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም! ሌሎች ሳይንቲስቶች ይኸንኑ ወዲያውኑ ለመጽሔቱ ጽፈው አመልክተዋል። ነገሩ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኦቫሪ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ገብቶ ኦቫሪውን ማውጣት ያስፈልጋል። አንዷን ለማግኘት ስንት ጤነኛ ሴት ቢላዋ ሥር ትግባ?

ሌላም ጉድለት ተገኘበት፤ ይኸኛው ለኛ ለአስተማሪዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። ኪት ባገርሊና ኬቪን ኩምብስ የሚባሉ በሂዩስተን፣ ቴክሳስ የሚሠሩ የስታትስቲክስ ባለሙያዎች ለሕዝብ የተለቀቁትን ቁጥሮች ወስደው እንደገና አሰሏቸው። መሣሪያው ስለ ደሙ ምንም ሊናገር በማይችልበት የመለኪያ ክፍል ላይ ሳይቀር የታማሚዎቹና የጤነኞቹ ቁጥር ተለያይቶ አገኙት። ስለሆነም ልዩነቱ ከካንሰሩ ሳይሆን ከናሙናዎቹ አያያዝና ከአለካኩ ሊመጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2004 ጽፈው አወጡ። በኛ ቋንቋ ልበለው። አንድ መምህር የ«ሀ»ን ክፍል ወረቀት ጧት በብርሃን፣ የ«ለ»ን ክፍል ሌሊት በኩራዝ ደክሞት አረመና «ሀ ክፍል ይበልጣል» አለ እንበል። ማን ያምነዋል? የለካው ተማሪዎቹን ሳይሆን የራሱን ድካም ነው። ያ የደም ምርመራ ለገበያ ሊቀርብ ታስቦ ነበር፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አስቀድሞ መገምገም አለበት በማለቱ ገበያ ላይ ሳይውል ቀረ።

በነገራችን ላይ አንድን ጠቋሚ ካንሰሩ በገነነባቸው፣ አልጋ በያዙ ሰዎችና ምንም በሌላቸው ወጣቶች ላይ ብቻ መሞከርም ያው ነው። ፈተናን አንደኛ በወጣና መጨረሻ በወጣ ተማሪ ላይ ብቻ ሞክሮ «በደንብ ይለያል» እንደማለት ነው። ችግሩ ያለው መካከል ላይ ነው።

እስካሁን ያወራነው ምርመራው በሽታውን ያገኛል ወይ ስለሚለው ነው። ከዚህ የሚከብደው «ማግኘቱስ ሰውየውን አተረፈው ወይ?» የሚለው ነው። ቶሎ ከተገኘ ይድናል፤ ግልጽ አይደለም እንዴ? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገር ግን ሁለት ሴቶች እንውሰድ። ሁለቱም እኩል ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ዕጢ አላቸው። አንደኛዋ በማጣሪያ በ50 ዓመቷ ታወቀላት። ሁለተኛዋ ሕመሙ ሲሰማት በ54 ዓመቷ ታወቀላት። ሁለቱም በ57 ዓመታቸው ሞቱ። መዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ «ከታወቀላት በኋላ 7 ዓመት ኖረች»፣ ሁለተኛዋ «3 ዓመት ኖረች» ተብሎ ይጻፋል። ማጣሪያው ዕድሜዋን ከእጥፍ በላይ ያስረዘመላት ይመስላል። ያስረዘመው ግን በሽታውን እያወቀች የኖረችበትን ጊዜ ነው እንጂ ዕድሜዋን አይደለም።

ይኸን ማታለያ ለማምለጥ ያለው መንገድ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ፣ ከፊሉን መርምሮ ከፊሉን ሳይመረምሩ መቆየትና በሁለቱም በኩል የሞቱትን መቁጠር ነው። በእንግሊዝ አገርና በአካባቢው ይኸ በትልቁ ተሠርቷል። ሲ.ኤ. 125 የሚባል የኦቫሪ ካንሰር ጠቋሚ አለ፤ በሮበርት ባስትና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው የታወቀው። ከ2001 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 74 የሆነ ከ200,000 በላይ ሴቶች በዕጣ ተመደቡ። አንደኛው ክፍል በየዓመቱ ይኸ ጠቋሚ በደሙ ይለካለታል፤ ሌላው በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ የቀረው ክፍል ማጣሪያ አይደረግለትም። በ2021 ውጤቱ ወጣ። ደማቸው ከተለካላቸው ሴቶች ገና በጅምሩ የተገኘው ካንሰር በዛ፤ ተሠራጭቶ የተገኘው አነሰ። በኦቫሪ ካንሰር የሞቱት ሴቶች ቁጥር ግን ማጣሪያ ካልተደረገላቸው ጋር ልዩነት አልነበረውም። ይኸን ሦስት ጊዜ ነው መልሼ ያነበብኩት።

ከዚህም የባሰ አለ። በጃፓን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የስድስት ወር ሕፃናት ሽንት በመላ አገሪቱ ይመረመር ነበር፤ ኒውሮብላስቶማ የሚባለውን የሕፃናት ካንሰር የሚጠቁሙ ንጥረ ነገሮች ስለሚገኙበት ነው። ብዙ ዕጢ ተገኘ፤ ብዙ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ከባድ መድኃኒት ተሰጣቸው። በካናዳዋ ኩቤክና በጀርመን ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ በ2002 ውጤቱ ሲወጣ ግን የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር አልቀነሰም። ለካ ከተገኙት ዕጢዎች ብዙዎቹ ቢተዉ ኖሮ በራሳቸው የሚጠፉ ነበሩ። ገዳዩ ዓይነት ደግሞ በዚያ ምርመራ አልተያዘም። ጃፓን ምርመራውን እንዲቆም የወሰነችው በ2003 ነው። የነዚያ ሕፃናት ወላጆች ልጃችን በምርመራው ተረፈ ብለው ሲያመሰግኑ እንደኖሩ ሳስበው ያሳዝነኛል።

እንግዲህ ያ ሠልጣኝ ስለ ደም ጠብታው ላነሣው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይኸ ነው። የዕጢን ዲ.ኤን.ኤ. ከደም ውስጥ ለቅሞ ማግኘት የሚቻልበት ዘመን መጥቷል፤ ሳይንሱም እውነት ነው። ነገር ግን «ከመቶ ይህን ያህል» ለሁሉም ሰው ይሰጥ ለማለት አያበቃም።

ታዲያ ማጣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው? በፍጹም። የማኅፀን በር ካንሰር የተለየ ነገር አለው። የሚመጣው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂዩማን ፓፒሎማ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ይባላል። ይኸን ያሳወቀው ጀርመናዊው ሐራልድ ጹር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የቫይረሱ ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ከመቶ 70 ያህሉን የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጡት 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ናቸው። ቫይረሱ ከሚገባባቸው ሴቶች በአብዛኛዎቹ ላይ ሰውነታቸው ራሱ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ላይ ግን ይቆይና ሴሎቹን ይለውጣል። የተለወጡት ሴሎች ካንሰር እስኪሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ሴቶች ጊዜው ያጥራል። በዚህ መካከል የተለወጠውን ቦታ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማጥፋት ይቻላል።

በኔ አስተያየት ይኸ ጠቋሚ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ የሚፈልጉት የእሳቱን ጭስ ነው፤ ይኸኛው የሚፈልገው ክብሪቱን ነው። ቤቱ ሳይቃጠል ረጅም ጊዜ አለ፤ የሚደረግለትም ነገር አለ። በሕንድ ማሃራሽትራ ውስጥ በምትገኘው ኡስማናባድ ከ130,000 በላይ የገጠር ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጓል፤ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 59 ነበር። መንደሮቹ በዕጣ ተከፋፈሉና አንዳንዶቹ የኤች.ፒ.ቪ. ዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንደተገለጸው፣ በስምንት ዓመት ውስጥ በማኅፀን በር ካንሰር የሞቱት በእነዚህ መንደሮች ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። ሞት ቆጥሮ ያለፈ ጠቋሚ ማለት ይኸ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ባወጣው መመሪያ ይኸን ምርመራ አስቀድሞ መርጦታል፤ በአጠቃላይ ከ30 ዓመት፣ ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ከ25 ዓመት ጀምሮ።

አክስቴ የተደረገላት ግን ይኸኛው አይደለም፤ በሀገራችን በብዙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት የአቼቶው ምርመራ ነው። አቼቶ ስል በቀልድ አይደለም። የማኅፀኑ በር ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ አሴቲክ አሲድ ባለው ውኃ ይቀባል። ሰላጣ ላይ በምናደርገው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ የተለወጡት ሴሎች ነጭ ሆነው ይታያሉ። ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ መልሱም እዚያው ይነገራል። ጉድለቱ በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። የተቆጣ ወይም በመዳን ላይ ያለ ቦታም ሊነጣ ይችላል፤ አንዷ ነርስ ነጭ ያለችውን ሌላዋ ላትል ትችላለች። ቢሆንም ደካማ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። በቦምቤይ፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ሠልጥነው በየሁለት ዓመቱ ይኸንኑ ምርመራ ሲሰጡ በበሽታው የሚሞቱት ከመቶ 31 ያህል ቀንሰዋል። እንግዲህ አክስቴ ወረቀት ላይ ያለው «ፖዘቲቭ» የሚለው «ነጭ ቦታ ታይቷል» ብቻ ነው። ካንሰር አላለም። ኤች.አይ.ቪ.ማ ጭራሽ የለበትም።

ይኸን ሁሉ በሰፌድና በሽምብራ አስረድቻት ስጨርስ አክስቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ሳቀች። «እንግዲያው እኔ ከስድስቱ ደኅነኞች ነኝ፤ ምን ሊያደርግልኝ ሆስፒታል እሄዳለሁ? አልሄድም» አለችኝ።

ደነገጥኩ። አስተማርኩ ብዬ ስኮራ፣ ከፍርሃት አውጥቼ ቸልተኝነት ውስጥ ከተትኳት። የትምህርት ዘዴ መምህራችን «ተማሪው የያዘው አንተ ያልከውን ሳይሆን የፈለገውን ነው» የሚሉት ትዝ አለኝ። ስለዚህ ሽምብራውን እንደገና ሰፌድ ላይ መለስኩት። «ሳትመረመሪ በፊት በሽታው ካለባቸው መሆንሽ ከመቶ አንድ ነበር፤ አሁን ከመቶ አሥራ አምስት ሆኗል። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ያነሣሁት ነው እንጂ ያንቺ ልክ አይደለም፤ መጨመሩ ግን እውነት ነው። እስቲ ከዚህ ሰባት ሽምብራ አንዱ ነቀዝ የበላው ነው ብልሽ፣ ሳታይ ትቆረጥሚዋለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። «ደግሞ የሚፈለገው ከካንሰሩ ይልቅ ካንሰር ያልሆነው ጅምር ነው፤ እሱን ማጥፋት ይቻላል» ብዬ ጨመርኩላት። አንድ ሽምብራ አንሥታ አገላብጣ አየችው።

ማታውኑ ለባሏ ነገረችው። ከጥምቀት በኋላ ይዟት ሄደ። ሐኪሟ ስታያት «እኔ ከስድስቱ ነኝ ወይስ አንዷ ነኝ?» ብላ ጠይቃታለች አሉ። ሐኪሟም ነገሩ ስላልገባት ከየት እንዳመጣችው ጠየቀቻትና ሽምብራውን ስትሰማ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ናሙና ተወስዶላታል። ውጤቱ ለመጋቢት 12 ተቀጥሯል።